የኔ አይደለም

ከሞኖፖል ወረድ ብሎ፣ በተከራየሁት ክፍል፣
በሌሊት ነው የሠራኋት፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል።
ክብ ናት፣ ብርቱካናማ፣ በስልክ ፊት የምትንሳፈፍ፣
ካርታ ቢዘረጋ፣ ጥሪ ቢመጣ፣ እንደ ዘይት ከላይ የምትሰፍፍ።
ባለባጃጁ ነካ ሲያደርጋት ተሳፋሪ ትጠራለች፤
ከገፋት ደግሞ ሸሽታ ሄዳ ጠርዝ ላይ ትለጠፋለች።
ኮራሁባት፤ አልዋሽም።
ለሃምሳ ሾፌር ስሰጣት ሁለቴ አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሀጢሶ ደወለ፣
በራሱ ስልክ አይደለም፤ ከሱቅ ተበድሮ፣ እየተንተከተከ፣ እየማለ፦
«አንቺ ልጅ፣ ስልኬን ምን አስነካሽብኝ?
ይበራል፣ ይጮኻል፤ ብነካው ብነካው እንቢ አለኝ!
ሚስቴ ከአዳሬ ሆስፒታል ስትደውል፣ አረንጓዴውን ብጫነው፣ ብጫነው ፍንክች!
ስሟ እፊቴ እየበራ፣ እየበራ ድርግም አለ፤ ምን ልበልሽ!
መንታ መገላገሏን ከጎረቤት ነው የሰማሁት፣
አባት ሆኜ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ፣ በወሬ ነው የደረስኩት።»
እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ቁልፏ ትንሽ ነበረች። ያነጠፍኩላት መስኮት ግን
ስልኩን ከዳር እስከ ዳር ያለበሰ፣ ቀለም የለሽ ሽፋን፤
ነፋስ ሳይነሣ በፊት፣ እንደ ማለዳው ሐይቅ ፊት፣
ታቦር ተገልብጦ፣ ጥርት ብሎ የሚታይበት፣
እጁን የሰደደ ግን ውኃ ብቻ የሚዘግንበት።
ጣት ሲወርድ ይቀበላል፤ ለማን መጣህ ብሎ አይጠይቅ፣
ውጦ ዝም ነው፤ የታችኛው መፈለጉን እንኳ አያውቅ።

ቆረጥኩት መስኮቱን፤ በቁልፏ ልክ፣ እንደ ልብስ ሰፊ አጥፌ፣
ከክቧ ውጪ ላረፈ ጣት አንዲት ምልክት ጽፌ፦
«የኔ አይደለም። እለፍ።»

ያም አልበቃ። በአቶቴ በኩል፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣
ሀጢሶ ከኋላ አስቀምጦኝ፦ «እስቲ ነይና እይ፤
ስነካት ትሸሻለች፣ የገፋኋት ይመስላታል።
ጣቴ አይደለም የሚንቀጠቀጥ፤ መንገዱ ነው። ማን ይነግራታል?»

እውነቱን ነው። መንካት ማረፍ ነው፣ ከዚያ መነሣት፣
መሃል ላይ ትንሽ መንሸራተት።
ስንት ሲሆን ነው መግፋት?
ለጣቱ ይቅርታ ለካሁለት፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል፤
እስከዚያ ቢርቅ፣ ነካ እንጂ ገፋ አይባል።

እሑድ ከወንድሜ ከምንተስኖት ጋር አሞራ ገደል ወረድን።
ዓሣ ሻጩ ቢላውን አቁሞ፣ ክንዱ በቅርፊት ሲያብረቀርቅ፣
«ስንት ላድርግልህ?» አለው፣ ዓይኑን ከሱ ሳያርቅ።
«አ—» አለ ወንድሜ። «አ—»
የቁጥር ግማሹ እኮ የሚጀምረው በ«አ» ነው፤
አንድ፣ አራት፣ አምስት፣ አሥር፤ ገና ሳይወጣ ማን ሊለየው?

አፌ ተከፍቶ ነበር።
እንደ ሁሌው። ለመምህሩ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለታክሲ ረዳቱ፣
«ስምህ ማነው?» ላለው ሁሉ፣ ጥያቄው ሳይወርድ ከአንደበቱ፣
እኔ ነኝ የመለስኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
በፍቅር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀለም በሌለው መስኮት።

የኔ አይደለም።

ከንፈሬን ገጥሜ አባ ኮዳውን አየሁ፤ ካባውን ደርቦ ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣ አንጀት እስኪጣልለት ይታገሣል።
ሻጩም ጠበቀ። ጀልባ ደረሰች፤ መረብ ወረደ።
ዝንብ ቢላው ላይ አረፈች፣ ተነሣች። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ ተወደደ።

«አ—ራት።»

እኔ ሁለት ልል ነበር።

አራቱም በፌስታል ታስረው፣ ጭራቸው ከእጁ ሥር ሲወዛወዝ፣
የቀሩት ሁለቱ ለማን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም።
ይዞ ቀድሞኝ ሄደ።